የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ልታደርጉ ነው? ከመግባታችሁ በፊት ቤታችሁ ምን ይኑር፣ ምን አይገዛ

ባለፈው ዓመት የአንዳችን ታላቅ እህት ስሊቭ አደረገች። ከሆስፒታል የተሰጣት የምግብ ወረቀት ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። ኮቴጅ ቺዝ፣ ፖፕሲክል፣ ስኳር የሌለው ጄሎ፣ ግሪክ ዮገርት እያለ ይቀጥላል። ቤተሰብ ተከፋፍሎ ሱፐርማርኬት ዞረ። ግማሹ ጠፋ፣ የተገኘው ደግሞ ዋጋው አይነሳም። እናት በበኩላቸው በማርና በቅቤ ያበደ አጥሚት በትልቅ ድስት ሠርተው ጠበቁ። ፍሪጁ አልዘጋ እስኪል ሞላ።

በ9ኛው ቀን ልጅቷ ከአልጋ ስትነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሆስፒታል ስትመለስ ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ? ድርቀት። ያ ሁሉ ምግብ ባለበት ቤት ውስጥ በቂ ውሃ የጠጣች ሰው አልነበረችም።

እኛም ከዛ በኋላ የሕክምና መመሪያዎች የሚሉትን ይዘን ከራሳችን ኩሽና ጋር ማስተያየት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የዛ ውጤት ነው። የእናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካላችሁ የሐኪማችሁን ስሙ፣ ምክንያቱም እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነትና እንደ ሰውየው ይለያያል።

በመጀመሪያ ስለ መጠን እንግባባ። ስሊቭ ማለት ከጨጓራ ውስጥ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርጎ መተው ነው። ባይፓስ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው። 30 ሚሊ ሊትር ስንል የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ "ለ2 ወር የሚሆን አስቤዛ" የሚባለውን ሐሳብ እዚሁ ጣሉት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትበሉት በሲኒ ነው የሚለካው። እንደውም 2 ሲኒ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ከማንኛውም ሰሃን የተሻሉ ናቸው።

ሸመታው ከ3 ሳምንት በፊት ይጀመር

ለምን 3? ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት 2 ሳምንት ገደማ ካሎሪውና ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ አመጋገብ ያዛሉ። ጉበት ጨጓራ ላይ ተደርቦ ነው የሚቀመጠው፤ ስብ የበዛበት ጉበት ትልቅ ስለሚሆን ሐኪሙ በካሜራ ሲሠራ መንገድ ይዘጋበታል። እነዚህ 2 ሳምንታት ጉበቱን ያሳንሱታል።

እኛ ሀገር ግን በትክክል እነዚህ 2 ሳምንታት ናቸው የመሰናበቻ ሰሞን የሚሆኑት። "ከእንግዲህ አትበይም" ተብሎ ጓደኛ ቁርጥ ቤት ይወስዳል፣ ዘመድ ዶሮ ይሠራል። በጣም ደስ ይላል፣ ግን አደገኛ ነው። ግብዣው የግድ ከሆነ ከ3 ሳምንት በፊት ይለቅ። ስኳር ያለባችሁና ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ አመጋገቡን ከመቀየራችሁ በፊት የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል አለበት፤ ዝም ብላችሁ ምግብ ብትቀንሱ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

አንደኛው ዕቃ ሃይላንድ ነው

ቀልድ አይደለም። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል፣ ማለትም ባለ ግማሽ ሊትር 3 ሃይላንድ። ድሮ በሦስት ትንፋሽ የምንጨርሰው ውሃ አሁን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሒሳቡን እንሥራው። 15 ሰዓት ነቅታችሁ ትውላላችሁ ብንል በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር፣ በየ15 ደቂቃው 25 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ 2 የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ በየ15 ደቂቃው የሚጮህ አላርም ሙሉ፣ ጠርሙሱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ሰዓት ጻፉበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት 1.5 ሊትር ላይሞላ ይችላል፣ ቀስ እያለ ይደርሳል። ቅባቱ የተገፈፈ ሾርባ፣ ወተት፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ ሁሉም ከፈሳሹ ይቆጠራሉ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚከብዳቸው አሉ፣ ለብ ያለ ሞክሩ።

ምግብ መብላት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ለስላሳና አምቦ ውሃ ጋዝ ስላላቸው አይሆኑም፣ ስትሮውም አየር ያስገባል። ስለዚህ የለስላሳ ሳጥን የምታስገቡ ከሆነ ለጠያቂ ብቻ ይሁን፤ እሱም እናንተ ከምትተኙበት ክፍል ራቅ ይበል።

ያንን የእንግሊዝኛ ወረቀት ወደ ኩሽናችን ስናመጣው

አብዛኛው ሐኪም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው 1 ወይም 2 ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከዛ እስከ 2ኛው ሳምንት መጨረሻ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ 3ኛውና 4ኛው ሳምንት የተፈጨ፣ 5ኛውና 6ኛው ለስላሳ ምግብ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛው። በየደረጃው ግን የሚፈለገው ነገር አንድ ነው፦ ፕሮቲን። በቀን ከ60 ግራም በታች መውረድ የለበትም ይባላል። ካልተገኘ ሰውነት ከስብ ጋር ጡንቻም ያቀልጣል። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፣ ፕሮቲን ሲጎድል ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። "ኮቴጅ ቺዝ" ተብሎ ሰው የሚንከራተትለት ነገር፣ ባይገርማችሁ፣ አይብ ነው። ልክ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ግን ለዚህ ሥራ አይብ ምንም አይጎድለውም፤ 100 ግራም አይብ ውስጥ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ጎመን፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ሳይገባበት፣ በትንሽ ወተት ለስልሶ ለተፈጨ ምግብ ደረጃ ይሆናል። "ብሮዝ" የሚለው የዶሮ ወይም የአጥንት ሾርባ ነው፤ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ የረጋው ቅባት ተገፍፎ፣ በወንፊት ተጣርቶ። "ግሪክ ዮገርት" ወፍራም፣ ውሃው የተጣለለት እርጎ ነው፤ የቤት እርጎን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አንጠልጥሎ ማታ ማሳደር ነው፣ አለቀ።

ወተት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከጎረቤት የሚገዛ ያልፈላ ወተት፣ ከሱ የተሠራ እርጎና አሬራ ጤነኛ ሰውንም በብሩሴላና በሳንባ ነቀርሳ ሊያስይዝ ይችላል፤ ቁስል ላይ ያለ ሰው ጭራሽ መሞከር የለበትም። ወተቱን አፍልታችሁ ነው እርጎ የምትጥሉት። ወተት የሚያስቀምጣችሁ ወይም ሆድ የሚነፋችሁ ከሆነ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ ሊብስ ስለሚችል ላክቶስ የወጣለት ወይም የአኩሪ አተር ወተት አስቀድማችሁ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ በየጂሙ የሚሸጠው "ዌይ ፕሮቲን" የሚሠራው ከአጓት ነው። አዎ፣ አይብ ሲወጣ ከሚቀረው ውሃ። ግን ቤት ያለውን አጓት ጠጥታችሁ ፕሮቲን አገኘን እንዳትሉ፤ ዱቄቱ ብዙ አጓት ተጨምቆና ደርቆ የተሠራ ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው በጣም ትንሽ ነው።

ዱቄቱን መግዛት ካለባችሁ ትልቁን ባልዲ አትግዙ። ከቀዶ ጥገና በኋላ የብዙ ሰው ምላስ ይቀየራል። ከመግባታችሁ በፊት የወደዳችሁት ቫኒላ ከወጣችሁ በኋላ ሊያቅለሸልሻችሁ ይችላል። የኛ እህት ያጋጠማት ይሄው ነው፣ ባልዲው ተከፍቶ 2 ጊዜ ብቻ ተቀዳ፣ የቀረውን ጂም የሚሠራ የአክስት ልጅ ወሰደው። ትንሹን እሽግ፣ ቢቻል 2 የተለያየ ጣዕም ግዙ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንና እሽጉ አለመከፈቱን እዩ።

አቅም ካልፈቀደ የዱቄት ወተት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እሱ ላይ 30 ግራም የዱቄት ወተት (በግምት 4 የሾርባ ማንኪያ ለጥ ያለ) ሲቀላቀል ወደ 16 ግራም ይጠጋል። የተፈጨ ምግብ ደረጃ ላይ ስትደርሱ እንዲህ ያለ ወተት 2 ብርጭቆ፣ አይብ 100 ግራም፣ እንቁላል 2 (እያንዳንዱ 6 ግራም) ቢደመር 58 ይመጣል። ያለ ምንም ከውጭ የመጣ ዕቃ 60ን ነካነው ማለት ነው። 2ቱ ብርጭቆ በአንዴ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ነው የሚጠጣው፣ ያው በሲኒ።

ምስር ክክና ሽሮስ? ይሆናሉ። አልጫ፣ ዘይቱ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ምስሩ ተፈጭቶ። በርበሬና ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቆዩ። ሽሮ ላይ ግን አትሸወዱ፤ 30 ግራም ደረቅ ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 6 ግራም ገደማ ነው፣ እናንተ ደግሞ የምትችሉት ጥቂት ማንኪያ ነው። ለስለስ ያለ የዓሣ ሥጋና የታሸገ ቱና ለ5ኛው ሳምንት አካባቢ ጥሩ ናቸው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። እርጥብ ሊጥ ነገር ተጠቅልሎ ሊያንቅ ይችላል፣ ቦታውንም ከፕሮቲን ይቀማል። ጥብስ ከሁሉ በኋላ።

አጥሚቱ ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም እናቶችን ማስቀየም አንፈልግም። አጥሚት ችግሩ አጃው ሳይሆን ማሩ፣ ስኳሩና ቅቤው ነው። ብዙ ስኳር በአንዴ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ ላብ ማጥለቅለቅ፣ የልብ መምታት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ዳምፒንግ ይባላል። ባይፓስ ያደረጉትን ይበልጥ ቢያጠቃም ስሊቭ ያደረጉትም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አጥሚቱ በወተት፣ ያለ ስኳር፣ ቀጭን ሆኖ ተጣርቶ ይሠራ፤ እናትም አይከፋቸውም። በሶ በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ስለሆነ ለአሁኑ ይለፈን። ጁስ ቤት ያለው ስፕሪስም እንዲሁ። "ፍራፍሬ ነው እኮ" ይባላል፣ ግን ስኳር ነው።

ማዘጋጀት የምትፈልጉ ሰዎች ሾርባና የተፈጨ ምስር በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ሞልታችሁ አቀዝቅዙ። አንዷ ጉድጓድ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ትይዛለች፣ አንድ ጊዜ ለመብላት የሚበቃው ያው ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ የ3 ወይም የ4 ቀን ብቻ አድርጉ፤ ቀልጦ ያደረ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

ጾም

ቀጠሮ ስትይዙ ካሌንደር እዩ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቀዶ ጥገናው ዋዜማው ላይ ከዋለ ከላይ ከጠቀስናቸው የፕሮቲን ምንጮች አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ረመዳን ላይ ከዋለ ደግሞ ቀን ሙሉ ውሃ አይጠጣም። ታሞ ላለ ሰው ሁለቱም እምነቶች መንገድ አላቸውና የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከገባችሁ በኋላ ተኝታችሁ በጥፋተኝነት ስሜት ከመታመስ ይሻላል። በጾም ምግብ እቀጥላለሁ ካላችሁ የአኩሪ አተር ወተት፣ የተፈጨ ምስርና ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ቀድሞ ይገዛ። ይህኛው ከባድ መንገድ ነው፣ ለሐኪሙ ይነገር።

ፋርማሲ

ቫይታሚን እዚህ እንደ ማጣፈጫ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን፣ እንዲሁም ቢ 12፣ ቫይታሚን ዲ እና መልቲቫይታሚን ይላሉ። የናንተን መጠን የደም ምርመራው ነው የሚወስነው። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ቢሆን ይመረጣል። ካልሲየምና አይረን አብረው ከተወሰዱ አንዱ አንዱን ይከለክላል፣ 2 ሰዓት ይራራቁ። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ጣፋጭ ቫይታሚኖች ብዙዎቹ አይረን የላቸውም፣ ጀርባውን አንብቡ። የ3 ወሩን ቀድማችሁ ፈልጉ፤ ቁስል ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አይመከርም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሽቶ ከማዘዝ ይህንን እዘዙ።

ለሕመም ፓራሲታሞል፣ ቢቻል ሽሮፕ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራን ስለሚያቆስሉ፣ በተለይ ባይፓስ ላይ፣ ከቤት ይውጡ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የተሻለ ነው ብሎ የሚሰጣችሁ ዘመድ አይጠፋም። ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለሌላ የምትወስዱት ኪኒን ካለ የትኛው እንደሚፈጭ፣ የትኛው እንደማይፈጭ ጠይቁ። ቀስ እያሉ እንዲለቁ የተሠሩ ኪኒኖች ከተፈጩ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

ሌላው ቀላል ነው። የሙቀት መለኪያ፣ ጁስ መፍጫ፣ ወንፊት፣ የሕፃን ማንኪያ፣ ስታስሉ ሆድ ላይ የሚደገፍ ትራስ፣ ወገብ የማያጠብቅ ልብስ። ፍራሻችሁ መሬት ላይ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት አልጋ ተዋሱ፣ ከወለል መነሳት ሆድን ያስጨንቃል። ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ ለሳምንታት አይነሳም፤ ጀሪካን ሌላ ሰው ይቅዳ። መራመድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራል፣ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ።

ማን ይወቅ?

ብዙ ሰው ይህን ቀዶ ጥገና ይደብቃል። "ጨጓራ ነው"፣ "ሐሞት ነው" ይባላል። መብታችሁ ነው፣ አንፈርድም። ግን "ጨጓራ ነው" ስትሉ ጠያቂው ተልባ በማር በጥብጦ፣ አምባሻ ይዞ፣ ብርቱካን ጨምቆ ይመጣል። "በሞቴ ይችን ብቻ" ይላል። ጉርሻ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ለሁሉም መንገር ባትፈልጉ እንኳን "ሐኪሙ ለ6 ሳምንት ከፈሳሽና ከተፈጨ ውጪ ከልክሎኛል፣ እንቁላልና ወተት ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል" ብላችሁ ቀድማችሁ ቴክስት ላኩ። ሰው ባዶ እጁን መምጣት ነው የሚከብደው፣ የሚያመጣውን ስትነግሩት ይገላገላል።

አብሯችሁ የሚኖር ቢያንስ አንድ ሰው ግን ሙሉውን እውነት ይወቅ። ለምን መሰላችሁ፣ 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ትኩሳት፣ እረፍት ላይ ሆናችሁ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ውሃ እንኳን አለመርጋት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው የሚኬደው። የተሰፋው ቦታ እያፈሰሰ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በዛ ሰዓት "ጨጓራዋን ነው" ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይዞ መሄድ ሐኪሙን ያሳስተዋል።

አንድ ነገር በተለይ። ሰው ሲደክም ሰፈር ክሊኒክ ወስዶ ግሉኮስ ማስሰቀል ልማዳችን ነው። ለቀናት እያስመለሰው የቆየ ባለ ስሊቭ ወይም ባለ ባይፓስ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ 1 አልቆበት ሊሆን ይችላል። ቢ 1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከገባ አንጎል ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድና መወናበድ ምልክቶቹ ናቸው። ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ክሊኒኩ ቀዶ ጥገናውን ካላወቀ ደግሞ ይህን የሚያስብበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ቱርክም ሂዱ ሕንድ፣ እዚሁ አዲስ አበባም አድርጉ፣ የመውጫ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ፣ አንዱን ኮፒ ደግሞ አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው ላኩለት። የስልካችሁ መቆለፊያ ገጽ ላይ ይህችን ጻፉ፦ "በዚህ ቀን ስሊቭ (ወይም ባይፓስ) ተደርጎልኛል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሰጠኝ። ሲያስመልሰኝ ከቆየ ከግሉኮስ በፊት ቢ 1። የሐኪሜ ስልክ ይኸውና።"